የምርጫ ቀጠና ወሰን ሲከለስ ነዋሪው ሐሳቡን የሚያቀርብበት መንገድ፦ የእንግሊዝ አሠራር

በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ የአካባቢ ምክር ቤት የሚያስተዳድረው ክልል በምርጫ ቀጠናዎች ይከፋፈላል፤ ነዋሪው «ዋርድ» እያለ የሚጠራቸው ናቸው። ከአንድ ቀጠና አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ተመራጮች ምክር ቤት ይገባሉ። ቀጠናው እንደ አገር ቤት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የለውም፤ መታወቂያ አይሰጥም፣ ግብርም አይሰበስብም። የሚወስነው ማን ማንን እንደሚመርጥ ብቻ ነው። ይህ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። የተከራየው የምክር ቤት ቤት ግድግዳ ሻጋታ ያበቀለበት፣ ልጁ የምትሻገረው መንገድ ማቋረጫ የሌለው፣ በሱቁ ደጃፍ ቆሻሻ የሚከመርበት ሰው አቤት የሚለው ለቀጠናው ተመራጭ ነው። የወሰን መስመር አንድን ሰፈር ለሁለት ከከፈለው፣ ያ ሰፈር በሁለቱም ቀጠናዎች ጥግ ላይ የቀረ አናሳ ይሆናል፤ የተመራጮቹም ጆሮ ወደ ብዙኃኑ ያዘነብላል።

ወሰኑን የሚያሰምረው ምክር ቤቱ ራሱ አይደለም፤ የፖለቲካ ፓርቲም ሆነ ሚኒስትር አይደለም። ሥራው የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደር ወሰን ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት በሚያዝያ 2010 ሥራ የጀመረ ገለልተኛ አካል ሲሆን ተጠሪነቱ ለፓርላማው ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፓርላማ የምርጫ ክልሎችን የሚያሰምረው ግን ሌላ ኮሚሽን ነው። የሁለቱ ስም ስለሚመሳሰል ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ ያቀላቅሏቸዋል፤ ለአንዱ የተላከ ደብዳቤ ለሌላው አይቆጠርም።

ክለሳ የሚጀመርበት ምክንያት

ሰው ይፈልሳል፣ አዳዲስ ሕንፃዎች ይቆማሉ፣ አሮጌዎቹ ይፈርሳሉ። በ20 ዓመት ውስጥ በአንዱ ቀጠና የመራጩ ቁጥር እጥፍ ሲሆን በሌላው ባለበት ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ የአንዱ ሰፈር ድምፅ ከሌላው ሰፈር ድምፅ ያነሰ ክብደት ይኖረዋል። ሕጉ ኮሚሽኑ እያንዳንዱን ምክር ቤት በየጊዜው እንዲከልስ ያስገድዳል። ከዚያ በተጨማሪ ኮሚሽኑ የሚከታተላቸው ሁለት የማንቂያ ቁጥሮች አሉ፦ ከቀጠናዎቹ ከ30 በመቶ በላይ በሚሆኑት ለአንድ ተመራጭ የሚደርሰው የመራጭ ቁጥር ከምክር ቤቱ አማካይ ከ10 በመቶ በላይ ሲርቅ፣ ወይም በአንድ ቀጠና ብቻም ቢሆን ልዩነቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ። ምክር ቤት ራሱ ክለሳ እንዲደረግለት የሚጠይቅበት ጊዜም አለ።

ኮሚሽኑ የቀረበለትን ሐሳብ የሚመዝነው በሦስት መስፈርቶች ነው። የመጀመሪያው የመራጮች እኩልነት ነው፤ እያንዳንዱ ተመራጭ የሚወክለው የመራጭ ቁጥር በተቻለ መጠን የተቀራረበ መሆን አለበት። ሁለተኛው የማኅበረሰብ ማንነትና ጥቅም ነው፤ አብሮ የሚኖረው ሰፈር አብሮ ይሁን፣ ወሰኑም በግልጽ በሚታይና ጸንቶ በሚቆይ ነገር ላይ ይሁን ማለት ነው። ሦስተኛው ውጤታማና ምቹ አስተዳደር ነው፤ ቀጠናው ለተመራጩ የሚበዛበት መሆን የለበትም፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍም ከቀጠናው ሳይወጡ መሄድ የሚቻል መሆን አለበት። አንድ አስተያየት ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱም ካልተያያዘ፣ የቱንም ያህል በቁጭት ቢጻፍ ውጤት አያመጣም።

ኮሚሽኑ የማይመለከታቸው ጉዳዮችም በቅድሚያ መታወቅ አለባቸው። የቤት ዋጋ፣ የመኪናና የቤት ኢንሹራንስ፣ የፓርላማ የምርጫ ክልል ወሰን፣ የትኛው ፓርቲ ይጠቀማል የሚለው ክርክር ከሚዛኑ ውጪ ናቸው። የፖስታ ኮድም በክለሳው አይለወጥም። የምክር ቤቱ የውጭ ድንበርም በዚህ ክለሳ አይነካም። ብዙ ደብዳቤዎች ገጻቸውን በእነዚህ ላይ ያጠፋሉ፤ የሚያሳዝነው፣ ጸሐፊው የሚያውቀውና ማንም ሊያስተባብለው የማይችለው የሰፈር እውነት በዚያው ተሸፍኖ ይቀራል።

ክለሳው የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ መለየት

የነዋሪው የመጀመሪያ ሥራ የኮሚሽኑን ድረ ገጽ ከፍቶ በምክር ቤቱ ስም መፈለግ ነው። በአካባቢው ክለሳ ካለ ምዕራፉ፣ ካርታዎቹ፣ የመራጭ ቁጥሩና የአስተያየት መቀበያው የመጨረሻ ቀን እዚያ ይገኛሉ። የአስተያየት ጊዜው ብዙውን ጊዜ አሥር ሳምንት አካባቢ ነው። ይህ የሚበቃ ቢመስልም መረጃ መሰብሰብ፣ ጎረቤት ማነጋገርና ቁጥር ማስላት በመጨረሻው ሳምንት የሚያልቁ ሥራዎች አይደሉም።

ክለሳው የሚጀምረው ምክር ቤቱ ስንት አባላት ይኑሩት በሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ምዕራፍ ዋናው ተናጋሪ ምክር ቤቱና በውስጡ ያሉት ፓርቲዎች ናቸው፤ ተራው ነዋሪ ድምፁ የሚሰማው በሚቀጥለው ነው። ሆኖም የአባላቱ ቁጥር ሲለወጥ ካርታው በሙሉ ይናጋል። የበርሚንግሃም ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ከተማዋ 40 ቀጠናዎች፣ ከእያንዳንዳቸውም ሦስት ሦስት በድምሩ 120 ተመራጮች ነበሯት። ቀጠናዎቹ እጅግ ሰፋፊ ስለነበሩ በአንዱ ውስጥ የማይተዋወቁ በርካታ ሰፈሮች ይታጨቁ ነበር። በ2018 ምርጫ ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ካርታ የተመራጮቹ ቁጥር ወደ 101 ሲወርድ ቀጠናዎቹ ግን 69 ሆኑ፤ 37ቱ አንድ ተመራጭ፣ 32ቱ ሁለት ተመራጭ ያላቸው ናቸው። ተመራጭ ቀንሶ ቀጠና ማብዛት እንግዳ ቢመስልም ትናንሽ ሰፈሮች በስማቸው የሚጠራ ቀጠና ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ሐበሾች ከሚኖሩባቸው የለንደን ቦሮዎች (የየራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው የከተማዋ ክፍሎች) መካከልም ካምደን፣ ኢዝሊንግተን፣ ሃሪንጌይና ላምበዝ በግንቦት 2022 የመረጡት በተከለሱ ቀጠናዎች ነው።

የአባላቱ ቁጥር ከተቆረጠ በኋላ ቀጠናዎቹ እንዴት ይከፋፈሉ የሚለው የመጀመሪያው የሕዝብ ምክክር ይከፈታል። ከዚያ ረቂቅ ካርታ ይወጣና ሁለተኛው ምክክር ይካሄዳል። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የሚጻፍበት ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ግን ኮሚሽኑ አንዴ ያሰመረውን ማስለወጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐሳብ ያለው ሰው ረቂቁ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም።

ቁጥሩን ማስላት

ነዋሪዎችን በብዛት ተስፋ የሚያስቆርጠው ሒሳቡ ነው፤ ግን ከመደመርና ከማካፈል አያልፍም። የምክር ቤቱ ጠቅላላ የመራጭ ቁጥር ለተመራጮቹ ቁጥር ሲካፈል አማካዩ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል 120,000 መራጮችና 48 ተመራጮች ያሉት ምክር ቤት ቢታሰብ፣ ለአንድ ተመራጭ 2,500 መራጭ ይደርሳል፤ ሦስት ተመራጭ ያለው ቀጠና ወደ 7,500፣ ሁለት ያለው ወደ 5,000 መራጭ ሊኖረው ይገባል። በዚህ ምክር ቤት ውስጥ 8,400 መራጮችና ሦስት ተመራጮች ያሉት የሰሜን ቀጠና አለ እንበል፤ ለአንድ ተመራጭ 2,800 ደረሰ ማለት ነው፣ ከአማካዩ 12 በመቶ ይበልጣል። አጎራባቹ የደቡብ ቀጠና 7,100 መራጮች ካሉት ከአማካዩ 5 በመቶ ገደማ ያንሳል። ከሰሜኑ 400 መራጮች ወደ ደቡቡ ቢዛወሩ ሰሜኑ 8,000፣ ደቡቡ 7,500 ይሆናል፤ የሰሜኑ ልዩነት ወደ 7 በመቶ ሲወርድ ደቡቡ ልክ አማካዩ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። አንደኛው፣ ኮሚሽኑ የሚያየው የዛሬውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ክለሳው ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚኖረውን ግምት ነው። ፈቃድ ያገኘ ትልቅ የቤቶች ግንባታ በሰፈሩ ካለ ያ ግምት ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ የጎደለም ሆነ የቆመ ፕሮጀክት ካለ በማስረጃ መጠቆም ይቻላል። ሁለተኛው፣ ከአንዱ ቀጠና የተነሳው ሰው ወደ ሌላው መግባቱ ነው። የራስን ቀጠና አስተካክሎ የጎረቤቱን የሚያፈርስ ሐሳብ ተቀባይነት አያገኝም። ስለዚህ ሒሳቡ ቢያንስ እስከ አጎራባቹ ቀጠና ድረስ መቀጠል አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው በኮሚሽኑ ገጽ የሚወጣው የድምፅ መስጫ ንዑስ ክልሎች ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ንዑስ ክልል ስንት መራጭ እንዳለው ስለሚያሳይ እንደ ጡብ እያነሱ ማዛወር ያስችላል።

የሚቆጠረው በመራጮች መዝገብ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው። ብሪታንያዊ ወይም ሌላ በሕጉ የተፈቀደ ዜግነት ያልያዘ ኢትዮጵያዊ፣ አገሪቱ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች፣ መዝገቡ ላይ አይገባም፤ በሒሳቡም አይታይም። ስደተኛ በሚበዛባቸው ሰፈሮች የአንድ ተመራጭ ትክክለኛ የሥራ ጫና ከወረቀቱ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትልቅ ጉድለት ነው። በአንጻሩ በዋሽንግተን ዲሲ ስምንቱ ዋርዶች የሚለኩት በሕዝብ ቆጠራ ነዋሪው ሁሉ፣ ዜጋም ሆነ አልሆነ፣ ተቆጥሮ ነው። በእንግሊዝ ግን መምረጥ የሚችል ሰው ሳይመዘገብ መቅረቱ ሰፈሩን በእጥፍ ይጎዳል፤ ድምፁም ይቀራል፣ ሰፈሩም ሲለካ ያንሳል። በሌላ በኩል አስተያየት ለመላክ የመራጭነት መብት አያስፈልግም። ማንኛውም ሰው፣ ማኅበርም ሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድም ሆነ ዕድር መላክ ይችላል።

የሰፈሩን ኑሮ በማስረጃ ማሳየት

ኮሚሽኑ ቁጥሩን ራሱ ያውቀዋል። የማያውቀው ሰው በየት በኩል ወጥቶ በየት እንደሚገባ ነው፤ የነዋሪው ጉልበትም ያለው እዚህ ነው። ልጆች በእግራቸው የሚሄዱት ወደ የትኛው ትምህርት ቤት ነው? ሰው ዳቦ የሚገዛው፣ ሐኪም የሚያየው፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው የት ነው? የነዋሪዎች ማኅበሩ የትኞቹን መንገዶች ያቅፋል? የቤቶቹ ግቢ በአንድ አስተዳደር ሥር ነው ወይስ በሁለት? የባቡር ሐዲድ፣ ወንዝ፣ ቦይ፣ ባለ አራት መስመር መንገድ የመሳሰሉ መለያያዎች የትኞቹ ናቸው፣ መሻገሪያቸውስ ምን ዓይነት ነው? በካርታ ላይ ድልድይ ሆኖ የሚታየው ነገር ደረጃ ብቻ ያለው፣ የሕፃን ጋሪ የማያሳልፍ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው በየቀኑ የሚሻገረው ሰው ነው።

ማስረጃ ለመሰብሰብ ከሁሉ የሚሻለው በእግር መውጣት ነው። የታሰበውን ወሰን ተከትሎ እየሄዱ በሁለቱም በኩል ያሉትን በሮች ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ የመንገዱን ስምና የቤት ቁጥር መመዝገብ ያስፈልጋል። መስመሩ በመንገድ መሐል ሲያልፍ በቀኝና በግራ ያሉት ፊት ለፊት ጎረቤታሞች ይለያያሉ፤ በጓሮ አጥር በኩል ሲያልፍ ግን አይለያዩም። ሰፊ የመኪና መንገድ ከሆነ መሐሉ ጥሩ ወሰን ነው። ሰው በር ለበር ሰላምታ የሚለዋወጥበት ጠባብ መንገድ ከሆነ ግን በጓሮ በኩል ማሰመሩ ይሻላል።

የሐበሻ ማኅበረሰብ አባላት የራሳቸውን ግንኙነት ሲገልጹ አንድ ነገር ሊጠነቀቁ ይገባል። «እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ቦሮ ብዙ ነን» የሚለው አባባል ለኮሚሽኑ ወሰን የማያሳይ ነው። ከቦታ ጋር ሲታሰር ግን ማስረጃ ይሆናል፦ እሑድ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ የት ነው፣ የዕድሩ አባላት የሚኖሩት በየትኞቹ መንገዶች ነው፣ የአማርኛ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት ልጆችን ከየት ከየት ይሰበስባል፣ የእንጀራና የበርበሬ ሱቆቹ በየትኛው ጎዳና ተደርድረዋል። እነዚህ የሚያርፉበት ጎዳና በረቂቁ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ይገለጣል።

አስተያየቱን መጻፍና ቀጠናውን መሰየም

ጥሩ አስተያየት አጭር ነው። የሚደግፈውን ወይም የሚቃወመውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ማስረጃውን ያስከትላል፣ አማራጭ መስመር ያቀርባል፣ በሒሳብ ይዘጋል። ከላይ ለተጠቀሰው ምሳሌ የሚስማማ ጽሑፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በባቡር ሐዲዱና በዋናው መንገድ መካከል ያሉት አራት መንገዶች አሁን በሰሜኑ ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ ወደ ደቡቡ እንዲዛወሩ እንጠይቃለን። ሐዲዱን ወደ ሰሜን የሚያሻግረው አንድ የእግረኛ ድልድይ ብቻ ሲሆን ደረጃ ስላለው ጋሪና ተሽከርካሪ ወንበር አያሳልፍም። ልጆቻችን የሚማሩት በደቡብ በኩል ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የነዋሪዎች ማኅበራችን አራቱን መንገዶችና በደቡብ ያለውን የቤቶች ግቢ በአንድነት ይወክላል፤ በግቢው አዳራሽም በየወሩ እንሰበሰባለን። ወሰኑ ሐዲዱን ቢከተል 400 መራጮች ይዛወራሉ፤ የሰሜኑ ልዩነት ከ12 ወደ 7 በመቶ ይወርዳል፣ ደቡቡም ከአማካዩ ጋር ይስተካከላል።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቅጽል የለም ማለት ይቻላል፤ ብርታቱም ከዚያ ነው። የእንግሊዝኛው ማማር አይመዘንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክክሩ የድምፅ ቆጠራ አይደለም። አንድ ዓይነት ቃል የተገለበጠባቸው መቶ ደብዳቤዎች የሚነግሩት የአንዱን ያህል ነው፤ መቶ ፊርማ ከማሰባሰብ አሥር ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን በራሳቸው ቃል ቢጽፉ ይጠቅማል። አንዷ እናት ስለ ትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ባለሱቅ ስለ ደንበኞቹ፣ አንዱ አዛውንት ስለ አውቶቡሱ ሲጽፉ የሰፈሩ ሙሉ መልክ ይወጣል።

ምክር ቤቱ በየዙሩ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛውን የሚያስመርጥ ከሆነ፣ ሕጉ ቀጠናዎቹ ሁሉ ሦስት ሦስት ተመራጭ እንዲኖራቸው ያዘነብላል፤ በሁለት ዙር የሚመርጥ ከሆነ ሁለት ሁለት። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚመረጡበት ምክር ቤት ውስጥ ግን ማደባለቅ ይቻላል። ይህን ሳያረጋግጡ «ለሰፈራችን አንድ ተመራጭ ብቻ» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ከመነሻው ያሰናክለዋል። በገጠር ደግሞ ፓሪሽ የሚባሉት ትናንሽ አስተዳደሮች በተቻለ መጠን ሳይከፈሉ አንድ ቀጠና ውስጥ ቢገቡ ይመረጣል።

ስምም የአስተያየት ጉዳይ ነው። ነዋሪው ራሱ በአፉ የሚጠራው፣ አጭርና ከሌላ ቀጠና የማይምታታ ስም ይመረጣል። ብዙ ያልተለወጠ ቀጠና ነባር ስሙን ቢይዝ መልካም ነው። ማንም እንዳይከፋ ሦስት ሰፈሮችን በአንድ ስም መደርደር የተለመደ ፈተና ቢሆንም በምርጫ ወረቀት ላይ ለማንም አያምርም።

አስተያየቱ በድረ ገጹ፣ በኢሜይል ወይም በፖስታ ይላካል። በድረ ገጹ ካርታ ላይ መስመር ማስመርም ይቻላል፤ ቃልና መስመር አብረው ሲቀርቡ አሻሚነት አይኖርም። የተላከው ሁሉ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፤ የግለሰብ አድራሻ፣ ስልክና ፊርማ ግን ይሰረዛል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ የጎረቤትን የግል ጉዳይ ማንሳት አያስፈልግም።

ከረቂቁ እስከ ምርጫው

ረቂቁ ሲወጣ ኮሚሽኑ ለእያንዳንዱ ቀጠና ምክንያቱን ይጽፋል፣ የደረሱትን ሐሳቦችም ያነሳል። ነዋሪው መልስ የሚሰጠው ለዚያ ምክንያት ነው፤ «አልተሰማንም» ከማለት ይልቅ የትኛው ግምት ስህተት እንደሆነ ማሳየት ይጠቅማል። ረቂቁን የወደደ ሰው ዝም ማለቱ ደግሞ አደገኛ ነው። በሁለተኛው ምክክር የሚጽፉት ተቃዋሚዎች ብቻ ከሆኑ፣ ጥሩ የነበረው መስመር የሚከላከልለት አጥቶ ሊለወጥ ይችላል። «ይህ ወሰን ትክክል ነው፣ ምክንያቱም» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ የተቃውሞውን ያህል ዋጋ አለው። ኮሚሽኑ ረቂቁን በብዛት ለመለወጥ ካሰበ በአንድ በተወሰነ አካባቢ ላይ ተጨማሪ ምክክር ሊከፍት ይችላል፤ ገጹን ከረቂቁ በኋላም መከታተል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው ምክረ ሐሳብ ይታተማል። ረቂቅ ትእዛዝ ሆኖ ለፓርላማው ይቀርብና 40 ቀናት ይቆያል። ፓርላማው መቀበል ወይም መጣል እንጂ አንድ መንገድ ከዚህ ወደዚያ ማዛወር አይችልም። በዚህ ደረጃ ለኮሚሽኑ የሚጻፍ አስተያየት ጊዜው ያለፈበት ነው።

አዲሶቹ ቀጠናዎች ሥራ ላይ የሚውሉት ትእዛዙ በወጣበት ቀን ሳይሆን በሚቀጥለው መደበኛ የምክር ቤት ምርጫ ነው። እስከዚያ ድረስ ነባሮቹ ተመራጮች በነባሩ ቀጠና ይቀጥላሉ፤ በመካከሉ ወንበር ቢጓደልና የማሟያ ምርጫ ቢደረግም በአሮጌው ወሰን ይካሄዳል። ምክር ቤቱም ከአዲሱ ካርታ ጋር እንዲስማሙ የድምፅ መስጫ ንዑስ ክልሎቹንና ጣቢያዎቹን ያስተካክላል። በምርጫው ዋዜማ የሚደርሰው የመራጭ ካርድ የቀጠናውን አዲስ ስምና የጣቢያውን አድራሻ ይዞ ስለሚመጣ፣ ለዓመታት ወደለመደው ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት መራጩ ካርዱን ማንበብ ይኖርበታል።